ስለትና ፍቅር በአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ፤ አንባቢውስ ይረካል?

በዘመናችን ወጣቶች እጅ ከሚዘዋወሩት የፍቅር ድርሰቶች መካከል አያሌዎቹ፥ አንደኛው ተፋቃሪ ሰው ሆኖ ሁለተኛው ከሰው ወገን ያልሆነባቸው ታሪኮች ናቸው። ልጂቱ የምትወደው አንድ ጊዜ ሞቶ የተነሣ፥ ሌላ ጊዜ ከዛር ወይም ከጋኔን ወገን የሆነ፥ አንዳንድ ጊዜም መልኩ እንደ ሰው ሆኖ ደም የሚመጥ ፍጡር ነው። ከፊሎቹ ከውጭ አገር የመጡ ናቸው፤ ከፊሎቹም በአማርኛ ተደርሰው በየምሽቱ ክፍል በክፍል በስልክ የሚነበቡና የሚሰሙ ናቸው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በመርሳም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት በሀብሩ ቀበሌዎች ወጣቱ እነዚህን ታሪኮች ይከታተላል። ለሥራ ዓረብ አገር የሄዱት እኅቶቻችንም ሌሊት ጋደም ሲሉ ብዙ ጊዜ በጆሯቸው የሚሰሙት ይህንኑ ነው።

እንዲህ ያለው ድርሰት ለኮሌጅ ጥናት አይበቃም የሚል አስተያየት በመካከላችን እንዳለ እናውቃለን። እኛ በበኩላችን ነገሩ ሊመረመር የሚገባው ይመስለናል፤ ምክንያቱም የሚነበበው ብዙ ሆኖ ሳለ አንባቢዎቹ ራሳቸው አንዱን ጨርሰው ወዲያው ሌላውን ሲፈልጉ፥ የፊተኛውንም በሳምንቱ ሲረሱት እንመለከታለን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው፥ ረቂቅ ኃይል የገባበት የወጣቶች ፍቅር አንባቢን የሚያረካው መቼ ነው፥ ሳያረካ የሚቀረውስ መቼ ነው የሚለውን ነው። እርካታ ስንልም መጽሐፉን ከእጅ ማኖር አለመቻልን አይደለም። እንቅልፍ የሚነሣ ታሪክ ሁሉ አያረካም። እርካታ የምንለው፥ ታሪኩ ካለቀ በኋላ አንባቢው «እንዲህ መሆን ነበረበት» ብሎ ሲቀበለው፥ ወይም ደግሞ ባይቀበለውም ከጎረቤቱ ጋር ሊከራከርበት ሲነሣ ያለውን ስሜት ነው።

ጉዳዩ ከውጭ አገር መጻሕፍት ጋር የመጣ አዲስ ነገር እንዳልሆነ አስቀድመን ማሳየት ይገባናል። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው ሰዎች በእጃችን የነበረው መጽሐፍ ቅዱስ 66 መጻሕፍት ያሉት ስለ ነበረ፥ መጽሐፈ ጦቢትን ያወቅነው ዘግይተን ነው። በ81ዱ መጻሕፍት ላደገ ሰው ግን ታሪኩ የታወቀ ነው። የራጉኤል ልጅ ሣራ ሰባት ጊዜ ተድራ ሰባቱም ባሎቿ በሠርጋቸው ሌሊት ሞተዋል፤ የሚገድላቸውም እርስዋን የሚወድ ክፉ ጋኔን ነው። ጦብያ የተባለው ወጣት መልአኩ ሩፋኤል እየመራው መጥቶ ያገባታል፤ የዓሣውን ልብና ጉበት በዕጣን ላይ ሲያጤሰው ጋኔኑ ሸሽቶ ይሄዳል፤ ሙሽሮቹም በሰላም ያድራሉ። ጳጉሜን 3 ቀን የሚዘንበውን ዝናም ልጆች የሩፋኤል ጠበል ነው እያሉ ሲጠመቁበት ያየ ሰው፥ ይህ መልአክ በሕዝባችን ዘንድ ምን ያህል የተወደደ እንደ ሆነ ያውቃል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር አለ። ባሎቿን ገድላለች እየተባለች በቤቷ አገልጋዮች የምትሰደበው ሣራ ናት። ጋኔኑን የሰደበው የለም። ከሐዘኗም ብዛት ሞቷን ትመኛለች። ይህ በእኛም አገር ዓይነ ጥላ ከሚባለው ነገር ጋር አንድ ነው። እጮኛ መጥቶ የሚመለስባት፥ ትዳር የማይጸናላት ሴት ስትኖር «ዓይነ ጥላ አለባት» ይባላል፤ የማይታይ መንፈስ ወዷት ሌላ ወንድ እንዳይቀርባት ይከለክላል ማለት ነው። ወደ ጠበል የሚወስዷት አሉ፤ ወደ ዐዋቂ ቤት የሚወስዷትም አሉ። ታሪኩ ለሚሰማው ሰው የፍቅር ታሪክ ነው፤ ለሚወራባት ልጅ ግን ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው ስሟ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ዛርም በአገራችን የሚነገረው ትውፊት ከዚህ የሚርቅ አይደለም። ሔዋን 30 ልጆች ወልዳ ነበር፤ ፈጣሪ ሊያያቸው በመጣ ጊዜ እንዳይወስድባት ፈርታ ከሁሉ የሚያምሩትን 15ቱን ሸሸገቻቸው፤ ፈጣሪም የተሸሸጉት እንደ ተሸሸጉ ይቅሩ ብሎ ፈረደ፤ እነዚያ የማይታዩት ውቦች ዛሮች ሆኑ ይባላል። እንግዲህ ዛር ማለት በዚህ ትውፊት መሠረት ከእኛ ይልቅ የሚያምርና እኛን የሚመኝ የተሰወረ ወንድማችን ነው። ያደረበትም ሰው የዛሩ ፈረስ ይባላል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 (እ.ኤ.አ.) ጎንደር ተቀምጦ ይህን ነገር ሲያጠና፥ ዛሩ ሲወርድ የሚደረገው ሁሉ ከቴአትር ጋር ያለውን ዝምድና አስተውሎ በ1958 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ አሳትሞበታል። እኛን የሚያስገርመን ግን ከቴአትሩ ይልቅ የትውፊቱ ርኅራኄ ነው። ለመሸሸግ ምክንያት የሆነው የእናት ፍቅር ነው፤ ቅጣቱን የተቀበሉት ግን ምንም ያላጠፉት ልጆች ናቸው። ይህን ነጥብ አንባቢያችን እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ በሌላ መልክ እናገኘዋለን።

አሁን ወደ ገድልና ወደ ልብ ወለድ እንለፍ። በገድለ ተክለ ሃይማኖት እንደምናነበው የዳሞቱ ንጉሥ ሞተለሚ አገር ሲወር የካህኑን የጸጋ ዘአብን ሚስት እግዚእ ኀረያን ማርኮ ወሰዳት፤ ውበቷንም አይቶ ሊያገባት ሠርግ አዘጋጀ። በዚያን ጊዜ ቅዱስ ሚካኤል ወርዶ በክንፉ ተሸክሞ ወደ ባሏ መለሳት። ከተመለሰችም በኋላ ተክለ ሃይማኖት ተወለዱ፤ ያ ንጉሥም ኋላ እርስዋ በወለደችው ልጅ ስብከት አምኖ ተጠመቀ።

ይህን በአእምሯችን ይዘን ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙትን መጽሐፍ እንክፈት። ዛሬ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው ይህ መጽሐፍ ሲወጣ ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ የድርሰቱ ዓይነት ሁሉ እስከ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘነው ከእርሱ ነው። እዚያም አንድ አረመኔ ንጉሥ አለ፤ ክርስቲያኖችን ድል ያደርጋል፤ የክርስቲያኖቹ ደጃዝማች ይማረካል፤ አንድ ደግ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስፈታዋል። የደጃዝማቹ ልጅ ዋሕድ ያን ነጋዴ ፍለጋ ወጥቶ ለባርነት ይሸጣል። መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ስትፈልግ ከዚያው ንጉሥ ቤት ትደርሳለች። ከብዙ መከራም በኋላ ንጉሡ በፍቅሯ ተማርኮ ክርስትና ይነሣል፤ ይጋባሉ። ዋሕድም የንጉሡን ዘመድ ያገባል።

ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጣቸው የነገሩ አጥንት አንድ መሆኑን እናያለን፤ የማያምን ንጉሥ፥ ምርኮ፥ የክርስቲያን ሴት ውበት፥ በመጨረሻም ጥምቀት። ነጋድራስ በዘጌ፥ በገዳማት መካከል የተወለዱ ሰው ናቸውና ገድሉን ሳይሰሙ አደጉ ለማለት ያስቸግራል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በገድሉ ሚካኤል ይወርዳል፤ በልብ ወለዱ አንድም መልአክ አይወርድም። የመልአኩን ሥራ ፍቅር ተክቶ ይሠራዋል። ስለዚህ የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ በተወለደበት ቀን ረቂቁ ኃይል ከመድረኩ ወርዷል ብንል ያጋነንን አይመስለንም። (የጀግናይቱ ስም ከኢትዮጵያ ስም አጥሮ የተወሰደ ነው የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ ከጦቢት ልጅ ስም ጋር መመሳሰሉ ግን እኛን ሁልጊዜ ፈገግ ያሰኘናል።)

አንባቢው በዚህ ይረካልን? ይደሰታል፤ ቋንቋው ያስደንቀዋል፤ የወንድ ልብስ የለበሰችው ልጅ ሌላይቱን ሴት በፍቅር ስታስጨንቃት ይስቃል። ነገር ግን መጽሐፉን ሲዘጋ የሚከራከርበት ነገር አይተርፈውም። ሁሉም የሚፈልገውን አግኝቷል። ንጉሡ እምነቱን ለወጠ ከማለት በስተቀር ማንም ምንም አልከፈለም፤ እርሱም ቢሆን በለወጠው ትርፍ እንጂ ኪሣራ አላገኘም።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ሌላ መንገድ ይዟል። አንባቢዎቻችን ሁሉ ታሪኩን ያውቁታልና አናረዝመውም። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በዛብህ በሕይወት እንዲያድግላቸው፥ ካደገም ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ተሳሉ። ልጁ አደገ፤ ቅኔ ተማረ፤ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆነ፤ ተዋደዱ። ከዚያ በኋላ መሸሽ፥ መፈላለግ፥ በመጨረሻም በመንገድ ላይ የሽፍቶች እጅ ይመጣል። ሰብለ ስታገኘው በሞት አፋፍ ላይ ነው፤ ከሞተ በኋላ መንኩሳ መቃብሩን ትጠብቃለች፤ ጉዱ ካሣም ሲሞት እዚያው አብሮ ይቀበራል።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ጋኔን የለም፤ ዛር አይወርድም፤ ሙት አይነሣም። ያም ሆኖ ረቂቁ ኃይል ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው አለ፤ ስለቱ ነው። ደራሲው ስለቱ በዛብህን ገደለው አይሉም፤ አልገደለውም ደግሞ አይሉም። በዓይን የሚታየው ገዳይ ሽፍታ ነው። ከሽፍታው በስተኋላ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት አለ፤ ልጃቸውን ለድኻ ላለመስጠት ያደረጉት ሁሉ ልጁን ወደዚያ መንገድ አውጥቶታል። ከዚህም ሁሉ በስተኋላ ሁለት ወላጆች በልጅ ፍቅር ተጨንቀው የተናገሩት ቃል አለ። አንባቢው ከእነዚህ የትኛውን እንደሚከስ መምረጥ አለበት፤ መጽሐፉም አያግዘውም። የጉዱ ካሣን ንግግር የወደደ ሰው «የገደለው ሥርዓቱ ነው» ይላል። ስለት የሚፈራ ሰው «ለእግዚአብሔር የተሰጠ ይነካልን?» ይላል።

ታሪኩን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከው በኋላ ማንበብ ለማይችለውም ሕዝብ ደርሷል። በእኛ አካባቢ ታላላቆቻችን እስከ አሁን ድረስ ቡና ላይ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ እንደ ዘመድ ሲያወሩ እንሰማለን። ክርክራቸውም ዘወትር እዚሁ ስለቱ ላይ ይወድቃል። አንዷ እናት ስለቱን ያፈረሰው እርሱ ነው ስትል ሌላዋ፥ ሳይጠየቅ ሰው የተሳለበትን ስለት ልጁ ለምን ይከፍላል ብላ ትነሣለች። የሔዋን ሽሽግ ልጆች ትውፊት ውስጥ ያገኘነው ጥያቄ ይኸው ነው፤ እናት በፍቅር ያደረገችውን ልጅ በሕይወቱ ይከፍላል።

መርሳ ላይ ይህ ክርክር እንዲህ የሚጠነክርበት ምክንያት ያለ ይመስለናል። ስለት በእኛ አገር በመጽሐፍ የሚታወቅ ነገር አይደለም። በአምባሰል ያለችው ግሸን ማርያም በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ስለት ይዞ በሚወጣው ሕዝብ ትሞላለች። እስላሙም ወገን እዚሁ የጁ ውስጥ ወደ ዳና፥ ሌላውም ወደ ጀማ ንጉሥ ስለቱን ይዞ ይሄዳል። በወሎ አንዱ የሌላውን በዓል አያውቅም ማለት አይቻልም፤ ሙስሊም ጎረቤት ለማርያም ሲሳል፥ ክርስቲያኗም ለሼኹ ቤት ቡና ስትልክ መታየቱ የተለመደ ነበር። ስለዚህ የቦጋለና የውድነሽ ስለት በጎጃም ማንኩሳ የተደረገ የክርስቲያን ስለት ቢሆንም፥ የሀብሩ ሙስሊም አድማጭ ሲሰማው የራሱ እናት የተሳለችው ይመስለዋል። አንባቢው ራሱ የሚፈራው ኃይል ስለ ሆነ ደራሲው ሊያስፈራው አይደክምም።

ከመምህራኖቻችን አንዱ ይህን ቢያነብ «ስለት አለ ተብሎ መጽሐፉ የመናፍስት ፍቅር ታሪክ አይባልም» ሊለን ይችላል። እውነት ነው። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው፤ ረቂቁ ኃይል መልክ አውጥቶ ከተፋቃሪዎቹ አንዱ ሲሆን ዋጋ መጠየቁን ይተዋል፤ ሳይታይ በቃል ብቻ ሲቆም ግን ዋጋ ይጠይቃል።

ከውጭ አገር መጻሕፍት የሚመጣ ማስረጃም አለን። አሜሪካዊቱ ስቴፈኒ ማየር «ትዋይላይት» የተባለውን መጽሐፍ ያወጣችው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው ክፍል በ2000 ዓ.ም. ታተመ። አንዲት ተማሪ ደም ከሚመጥ፥ ከማያረጅና ከማይሞት ወጣት ጋር ትዋደዳለች። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አንባቢውን የያዘው ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ እርሱን ለማግኘት ሰውነቷን፥ ወላጆቿን፥ መውለድን፥ ማርጀትን ታጣለችን? በአራተኛው ክፍል ግን ትወልዳለች፥ አትሞትም፥ አባቷንም አታጣም፤ ይመጣል የተባለው ታላቅ ጦርነትም በንግግር ይበተናል። መጽሐፉ በሚሊዮን የሚቆጠር ሲሸጥ፥ ከቀድሞ ወዳጆቹ መካከል ተናድደው መጽሐፉን ለሻጩ እንመልሰው እስከ ማለት የደረሱ ነበሩ። የሚገርመው ነገር፥ የተናደዱት ልጂቱ መከራ እንድታይ የሚፈልጉ ክፉዎች አይደሉም፤ ከሌላው ሁሉ አብልጠው የሚወዷት ናቸው። ሦስት መጽሐፍ ሙሉ ዋጋው ይህን ያህል ነው ሲባሉ ቆይተው፥ በመጨረሻ በነጻ ነው ስለ ተባሉ ነው። ከዚህ አንጻር «ጦቢያ» እና የማየር አራተኛ ክፍል በ100 ዓመት ተራርቀው የተጻፉ አንድ ዓይነት መደምደሚያዎች ናቸው ብንል ለነጋድራስ ክብር መቀነስ አይሁንብን። ነጋድራስ ቢያንስ አዲስ ነገር እየጀመሩ ነበር።

በስልክ የሚሰሙት የአማርኛ ታሪኮች ሁሉ አንድ ናቸው ማለታችን አይደለም። በመካከላቸው የዓይነ ጥላን ነገር የልጂቱን መከራ ሳይዘነጉ የሚያወሩ ሰምተናል። ነገር ግን በብዙዎቹ መንፈሱ መልከ መልካም ሆኖ ይመጣል፤ ቀናተኛ ነው፤ ሌላ ወንድ እንዳይቀርባት ያደርጋል፤ ይህም የፍቅሩ ጽናት ተብሎ ይመሰገናል። ሁለት ጊዜ እጮኛ የተመለሰባት፥ ወይም ከሳውዲ ዓረቢያ ተመልሳ ጓደኞቿ ሁሉ ተድረው ያገኘች የሀብሩ ልጅ ይህን ስታዳምጥ ምን ታገኛለች? ጎረቤቶቿ በሹክሹክታ የሚሏትን ነገር በጣፋጭ ድምፅ ትሰማዋለች። ለአንድ ሌሊት ልታጽናናት ትችላለች፤ ብቻዋን ያልተተወች፥ እንዲያውም የተመረጠች ትሆናለችና። በማግሥቱ ግን ሹክሹክታው እዚያው አለ፤ አሁን ደግሞ እርስዋም በግማሽ ልቧ ታምነዋለች። እኛ ይህን ስንል ደራሲዎቹ ስለ ዛርና ስለ ዓይነ ጥላ አይጻፉ ማለታችን አይደለም፤ የሔዋንን ሽሽግ ልጆች የመሰለ ታሪክ በእጁ ያለ ሕዝብ ደም የሚመጥ ፍጡር ከሩቅ አገር የሚበደርበት ምክንያት አይታየንም። ሆኖም የመጽሐፈ ጦቢት ጸሐፊ የሣራን ልቅሶ አልዘለለውም፤ ጋኔኑ ስለ ወደዳት ብቻ አላሞገሰውም።

ዶክተር ሐዲስም ይህን ነገር አላለፉትም። ውድነሽ በጣሙ ከቦጋለ በፊት ያገቧት ባሎች የሞቱባት፥ በዚህም ምክንያት ወንድ የሚፈራት ሴት ናት። ከሰባት ባሎቿ በኋላ እንደ ተተወችው እንደ ሣራ ማለት ነው። የሚሸሽ ጋኔን፥ የሚጤስ የዓሣ ጉበት፥ የሚመራ መልአክ በታሪኳ ውስጥ የለም። ቦጋለ መብራቱ አገባት፤ ልጅ ወለዱ፤ ያን ልጅ እንዳያጡትም ፈርተው ተሳሉለት። ይህ ክፍል በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ስለሚገኝ፥ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከሩት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሳያነሡት ያድራሉ።